ፈረሴን ከጓደኛዬ ጋር ተጋራሁ፤ አሁን ግን እምቢ ማለት አቃተኝ

ሰላም ለእርስዎ ይሁን።

ጉዳዬ ለአንዳንድ ሰው ትንሽ ነገር ሊመስል ይችላል። እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

አንዲት ባዝራ አለችኝ። ግንባሯ ላይ ነጭ ስላላት ቦራ እንላታለን። ዕድሜዋ 11 ዓመት ነው። ከውርንጭላነቷ ጀምሮ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። የዛሬ ሁለት ዓመት ሥራ በዛብኝና በየቀኑ ማውጣት አቃተኝ። የልብ ጓደኛዬ ደግሞ ፈረስ ነፍሷ ነው፤ የራሷ ግን የላትም። «በሳምንት ሦስት ቀን እኔ ልያዛት፣ የመኖዋን ግማሽ እችላለሁ» አለችኝ። እኔም እሰይ ብዬ ተስማማሁ። ወረቀት አልተጻጻፍንም። በእኔና በእሷ መሀል ወረቀት ምን ሊሠራ!

የመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ነበር። በኋላ ግን ነገሩ መልኩን እየቀየረ መጣ። አንድ ቀን ስሄድ የጓደኛዬ ልጅ ቦራ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። 17 ዓመቱ ነው፤ ቁመናው ግን የሙሉ ሰው ነው። ማንም አላስፈቀደኝም። እኔም ምንም አልተናገርኩም። ቀጥሎ «የአንቺው አይመቸኝም» ብላ ሰው የሰጣትን ኮርቻ አመጣች። ከዚያ ወዲህ ቦራ ኮርቻ ስታይ ጆሮዋን ወደ ኋላ ትለጥፋለች። ጠፍሩ ሲጠብቅ ዞር ብላ መንከስ ይቃጣታል። ጓደኛዬ «አቅብጠሻት ነው፣ አመል አውጥታለች» ትላለች። ልጇም አልሄድ ስትለው በአለንጋ ይላታል።

ባለፈው ሳምንት ስቦርሻት፣ ጋማዋ የሚያልቅበት ጉብታ አጠገብ ፀጉሩ የተመለጠና ያበጠ ቦታ አገኘሁ። ስነካው ከእጄ ስር ጀርባዋን ዝቅ አድርጋ ሸሸች። ለጓደኛዬ ስነግራት «ላብ ነው፣ ይጠፋል» አለችኝ። በማግስቱ ከኋላዋ ስመጣ ደንብራ ረገጠች፤ ለጥቂት ነው የተረፍኩት። እኔን! እጄ ላይ ያደገችው ቦራ እኔን መፍራት ጀመረች።

ይህ ሳያንስ አሁን ጓደኛዬ «ለስድስት ወር እኛ ጋ ትሁን። ግጦሹ ሰፊ ነው፣ አንቺም ጊዜ የለሽም» እያለች ነው። ሳቅማማ «ግማሽ እየከፈልኩ ግማሽ መብት የለኝም?» አለችኝ። ባለቤቴ «ፈረሷ ያንቺ፣ ከልክያትና ተገላገይ» ይለኛል። እሱ እንደሚለው ቀላል አይደለም። እናቴ የሞተች ጊዜ ቤቴን የያዘችልኝ እሷ ናት። እሷን ማጣት አልፈልግም። ቦራንም እንዲህ ሆና ማየት አልቻልኩም። ምን ላድርግ?

ልቧ ለሁለት የተከፈለ

*

ውድ እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤ የቀረው ያ ያበጠው ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ከእሱ እንጀምር። ስለ ጓደኝነታችሁ በኋላ በሰፊው እንነጋገራለን። የቦራ ጀርባ ግን ጊዜ አይሰጥም።

ከዛሬ ጀምሮ ማንም አይቀመጥባት። ጓደኛሽም፣ ልጇም፣ አንቺም። ፀጉሩ ተመልጦ ያበጠ ጀርባ ላይ ኮርቻ መጫን ከቀጠለ ቆዳው ይላጥና ገጣባ ይሆናል። ገጣባ ከጠለቀ ደግሞ ለመዳን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። አሁን ቆዳው ካልተከፈተ በዕረፍት ሊመለስ ይችላል። ከተከፈተ ሌላም አደጋ አለ። ፈረሶች በቁስል በኩል ለሚገባው የመንጋጋ ቆልፍ (ቴታነስ) በሽታ በጣም ተጋላጭ ናቸው። ክትባቷን የወሰደችው መቼ ነው? ካላስታወስሽ፣ የእንስሳት ሐኪም ጠርተሽ ሲመጣ ይህንን አስቀድመሽ ንገሪው።

ጓደኛሽ «ለምን አልጋልብም?» ብትልሽ ረጅም ማብራሪያ አያስፈልግሽም። «ጀርባዋ ታሟል፤ ሐኪም እስኪያያት ማንም አይቀመጥባትም» በቂ ነው። እዚህ ላይ ይሉኝታ አይግባ። ይሉኝታው ያንቺ ነው፤ ዋጋውን የምትከፍለው ግን ቦራ ናት።

ሐኪሙ እስኪመጣ አንቺም ማየት የምትችይው ነገር አለ። ቦራን ደልዳላ ቦታ ላይ በአራቱም እግሯ ቀጥ አድርገሽ አቁሚያት። ጣቶችሽን ከአከርካሪዋ ግራና ቀኝ አድርገሽ፣ ከጋማዋ ግርጌ እስከ ወገቧ በእርጋታ ጫን ጫን እያልሽ ውረጂ። ያበጠውን ቦታ ራሱን አትጫኚው። ጡንቻዋ ከጣትሽ ስር ሲንቀጠቀጥ ወይም ሲደነድን፣ ጭራዋን ስታወናጭፍ፣ ጆሮዋን ስትለጥፍ፣ የትኛው ቦታ ላይ እንደሆነ ልብ በይ። ግራውን ከቀኙ አወዳድሪ። የሚያተኩስ ቦታ ካለ መዳፍሽ ይነግርሻል። ቀድሞ ያልነበረ ነጭ ፀጉር ካየሽም ንገሪው፤ ጫና የጎዳው ቆዳ ሲድን ብዙ ጊዜ ነጭ ፀጉር ያበቅላል። ያ ከሆነ ጉዳቱ የሰነበተ ነው ማለት ነው። ፎቶ አንሺ፣ ቀኑንም ጻፊበት። ፎቶው ለሐኪሙ ይጠቅመዋል። በኋላ ከጓደኛሽ ጋር ስትነጋገሩም «መሰለኝ» እያልሽ ከመከራከር ያድንሻል።

«አመል አውጥታለች» የሚለውን ነገር ደግሞ አልቀበለውም። በዚህ አባባል የተጎዱ ፈረሶች ብዙ ናቸው። እንግሊዛዊቷ የፈረስ ሐኪም ሱ ዳይሰን ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያሳተመችው ጥናት አለ። ሰው ሲጋልባቸው ፈረሶች የሚያሳዩአቸውን 24 ባህርያት ለይታ አውጥታለች። ጆሮን ወደ ኋላ ለጥፎ መቆየት፣ ጭራ ማወናጨፍ፣ አፍን ከፍቶ መቆየት፣ ወደፊት አልሄድም ማለት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ከ24ቱ 8 ወይም ከዚያ በላይ ከታዩ ፈረሱን የሚያመው ነገር የመኖሩ ዕድል ከፍተኛ ነው። ፈረስ በተፈጥሮው የሚታደን እንስሳ ስለሆነ ሕመሙን መደበቅ ያውቅበታል። መንከስ እስኪቃጣት የደረሰች ባዝራ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ በትንሽ በትንሹ ተናግራለች። የሰማት ስላልነበረ ድምጿን ከፍ አደረገች።

ሕመሙ ላይ አለንጋ ሲጨመር ምን የምትማር ይመስልሻል? ሰው ሲመጣ ሕመም እንደሚመጣ ነው የምትማረው። የዚያን ቀን እርግጫም ከዚህ ጋር አያይዤ ነው የማየው። የፈረስ ዓይኖች በግራና በቀኝ ጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ለማየት ጥቂት ነው የሚቀረው። የማያየው ቀጥታ ከጭራው በስተኋላና አፍንጫው ስር ያለውን ነው። አንቺ የመጣሽው በዚያ በማይታያት በኩል ነው። ጤነኛና የተረጋጋች ብትሆን ኖሮ ምናልባት ጆሮዋን አዙራ ዝም ትል ነበር። ጀርባዋን እያመማት ግን መጀመሪያ ትረግጣለች፣ ማን እንደሆነ በኋላ ታያለች። «እኔን!» ብለሽ ማዘንሽ ይገባኛል። ግን ጠልታኝ ነው ብለሽ አትውሰጂው።

ከእንግዲህ በትከሻዋ በኩል ቅረቢያት። ከሩቅ ስሟን ጥሪ። ጆሮዋ ወደ አንቺ ሲዞር ነይ። ከኋላዋ ማለፍ ካለብሽ ወይ እጅሽን ወገቧ ላይ አድርገሽ፣ እያወራሻት፣ ገላዋን ታክከሽ እለፊ፤ ወይ እግሯ ከማይደርስበት ራቅ ብለሽ ዙሪ። አደገኛው መሀሉ ነው፤ እርግጫው ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው እዚያ ነው። ይህንን ለልጁም አሳዪው። እሱን ያቺ እግር ብታገኘው ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሌላ ነገር ነበር።

አዲሱ ኮርቻ ጉዳይም አለ። ጓደኛሽ ኮርቻውን የመረጠችው ለራሷ ስለተመቻት ነው። ለቦራ ግን በልኳ ያልሆነ ጫማ አጥልቃ ሰው ተሸክማ እንደ መሄድ ነው። እብጠቱ ከጠፋ በኋላ፣ አሁን ሳይሆን፣ ኮርቻውን ያለ ምንጣፍ ጀርባዋ ላይ አስቀምጪና ከኋላ ራቅ ብለሽ ጎንበስ በይ። በአከርካሪዋ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብርሃን ሊታይሽ ይገባል። ጉብታዋን ከነካ፣ ወይም አንድ ቦታ ላይ ተደግፎ ሌላው ከተንሳፈፈ፣ ያ ኮርቻ የእሷ አይደለም። ምንጣፍ በመደራረብ አይስተካከልም፤ እንዲያውም ይብሳል።

የልጁን ክብደትም በዓይን ከመገመት መለካት ይሻላል። የስፌት ሜትር ያዢ። ከፊት እግሮቿ ጀርባ የደረቷን ዙሪያ በሴንቲሜትር ለኪ። ከዚያ ከፊት ከትከሻዋ ጫፍ እስከ መቀመጫዋ ጫፍ ያለውን ርዝመት ለኪ። ዙሪያውን በራሱ አባዢ፣ ያንን በርዝመቱ አባዢ፣ የመጣውን ለ11,877 አካፍዪ። ኪሎዋን በግምት ታገኛለሽ። ዙሪያዋ 165፣ ርዝመቷ 155 ቢሆን፣ 355 ኪሎ ገደማ ነው። ብዙ ባለሙያዎች እንደ ጣሪያ የሚወስዱት ከክብደቷ 20 በመቶውን ነው፤ ያውም ኮርቻውና የጋላቢው ልብስ ተደምሮ። ይህ 71 ኪሎ ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ወጣት 10 ኪሎ ኮርቻ ላይ ሲቀመጥ 85 ይሆናል። ጀርባዋ የታመመ ወይም የሰውነት አቋሟ የወረደ ከሆነ ደግሞ ጣሪያው ከዚያም ዝቅ ይላል።

ቁጥር ክርክርን ያበርዳል። «ልጅሽ ከበዳት» ብትያት እናት ናትና ትቀየማለች። «ቦራ የምትችለው ይህን ያህል ነው» ስትያት ግን የምታወሩት ስለ ቦራ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ቦራን የምታቆሟት ሁላችሁም በአንድ ዓይነት መንገድ ነው? ፈረስ በአብዛኛው የሚማረው ጫናው በሚላላበት ቅጽበት ነው። ዛቡን ሳብ ታደርጊያለሽ፣ ትቆማለች፣ ወዲያው ታላያለሽ። «መቆሜ ልክ ነበር» የሚላት ያ መላላቱ ነው። አንቺ ወዲያው ካላላሽ፣ ጓደኛሽ ከቆመችም በኋላ ከያዘች፣ ልጁ ደግሞ ሳያቋርጥ ከሳበ፣ ቦራ መልሱን የማታውቀው ጥያቄ ነው የሚሆንባት። ሦስት ሰው የሚይዛት ፈረስ አንድ ቋንቋ ያስፈልጋታል። መጋራቱን ለመቀጠል ከወሰንሽ፣ ሁላችሁም አብራችሁ አንድ አሠልጣኝ ፊት ብትቀርቡ ጥሩ ነው። አንቺ ጓደኛሽን ከምታርሚያት ሦስተኛ ሰው ሁለታችሁንም ቢያርም መቀያየም አይኖርም።

አሁን ወደ ጓደኛሽ እንምጣ።

ክፉ ሰው አልመሰለችኝም። ሁለት ዓመት ሙሉ መኖ ችላለች፣ በሳምንት ሦስት ቀን መጥታለች። ዝናብም ፀሐይም ነበር። እንዲህ የቆየ ሰው «የእኔም ናት» ቢል አይገርምም። የምትወዳትም ይመስለኛል። ግን ግማሽ መኖ የገዛላት ምንድን ነው? እኔን ብትጠይቂኝ የገዛላት በሳምንት ሦስት ቀን መጋለብን ነው። ሌላ ሰው ማስቀመጥን፣ ኮርቻ መቀየርን፣ ወደ ሌላ ቦታ መውሰድን አልገዛላትም። ችግሩ ይህንን የምለው እኔ ነኝ። እናንተ አንድም ቀን አልተባባላችሁትም። ልጁን ያየሽው ዕለት ዝም አልሽ፤ ዝምታሽን እሺታ አድርጋ ወሰደችው። ኮርቻው ሲመጣም እንዲሁ። ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። በሚዋደዱ ሰዎች መሀል ውሰት የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ነው። ሁለቱም ሌላው የገባው ይመስላቸዋል፤ አንዳቸውም አልጠየቁም።

ከመነጋገራችሁ በፊት ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። በእርግጥ መጋራቱ እንዲቀጥል ትፈልጊያለሽ? ወይስ የምትፈልጊው እሷ እንዳታዝንብሽ ብቻ ነው? አሁን ጊዜ ቢኖርሽ ኖሮ ቦራን ለብቻሽ ትይዣት ነበር? እነዚህን ሳትመልሺ ከሄድሽ እሷ ያለችውን ተቀብለሽ ትመለሻለሽ ብዬ እሰጋለሁ።

የእናትሽ ነገር ውስጤን ነክቶታል። እንዲህ ያለ ውለታ አይረሳም፤ መረሳትም የለበትም። ግን የውለታው ባለዕዳ አንቺ ነሽ። ቦራ አይደለችም። በጊዜሽ፣ በገንዘብሽ፣ በጉልበትሽ ክፈያት። በሚያስፈልጋት ቀን አጠገቧ ተገኚ። የታመመ ጀርባ ላይ አስቀምጠሽ ውለታ አይመለስም። ለራስሽ ይህንን ካልነገርሽው፣ «እምቢ» ማለት ሁልጊዜ ክህደት ይመስልሻል።

ስትነጋገሩ ከጋጣው ራቅ በሉ። ልጁም ባይኖር ይሻላል፤ እናት በልጇ ፊት ስትነካ ሌላ ሰው ትሆናለች። ከቦራ አጠገብ ራቁ የምልሽም በምክንያት ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በርሊን ውስጥ ሐንስ የሚባል «ሂሳብ የሚያውቅ» ፈረስ ነበር። መልሱን በኮቴው እየመታ ይቆጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ኦስካር ፕፉንግስት የተባለ ተመራማሪ ምስጢሩን ደረሰበት። ሐንስ ሂሳብ አያውቅም ነበር። የሚያየው የጠያቂዎቹን ጭንቅላትና ፊት ነበር፤ እነሱ ራሳቸው የማያውቁትን ጥቃቅን እንቅስቃሴ። ትክክለኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ ውጥረታቸው ሲላላ ያየዋል፣ ያቆማል። አንቺም ንዴትሽን ውጠሽ ስትቆሚ ቦራ አላየችም ብለሽ አታስቢ። በቅርቡ አንቺ ስትመጪም የምትደነግጠው ከዚህም የተነሳ ሊሆን ይችላል።

አነጋገርሽ ቀጥተኛና አጭር ይሁን። ለምሳሌ እንዲህ ማለት ትችያለሽ፦ «ከአንቺ ጋር መጣላት አልፈልግም፤ ለዚህ ነው እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት። ዝም ማለቴ ግን ልክ አልነበረም። ቦራ ታማለች። ሐኪሙ ያለውን አብረን እንስማ። እስክትድን አትጋለብም። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደምንቀጥል እንደ አዲስ እንነጋገር። እስከዚያ የመኖውን እኔ እችላለሁ።» የመጨረሻዋን አትርሺያት። የማትጋልበውን ፈረስ ግማሽ መኖ እንድትከፍል መጠበቅ አግባብ አይደለም። እንዲህ ማለትሽ ደግሞ «እየከፈልኩ» የሚለውን ነገር ያስቀርልሻል። ከተቻለ ሐኪሙ የሚመጣበት ቀን እሷም ትገኝ። ከአንቺ አፍ ከምትሰማው ከሐኪሙ ብትሰማው ይቀላታል።

የስድስት ወሩ ውሰትስ? አሁን አይሆንም። የታመመ ፈረስ በውሰት አይሰጥም። ማን እንዳሳመመው የማይታወቅበት ጭቅጭቅ ውስጥ ነው የምትገቡት።

ከዳነች በኋላ ግን በሩን ጥርቅም አድርገሽ መዝጋት የለብሽም። ጊዜ የለሽም ማለቷ እውነት ከሆነ፣ ጥሩ ውሰት ለቦራም ሊበጃት ይችላል። ብቻ «ግጦሹ ሰፊ ነው» የምትለው ነገር ብቻውን አያስተማምንም። የፈረስ ሆድ ድንገተኛ ለውጥ አይወድም። መኖዋ ቀስ በቀስ፣ ቢያንስ ከ7 እስከ 10 ቀን ወስዶ መቀየር አለበት። ፈረስ ማስመለስ አይችልም፤ ስለዚህ ሆዱ ውስጥ የተበላሸ ነገር መውጫ የለውም። ቁርጠቱ ሊገድለው ይችላል። ለለምለም ሣር ድንገት መለቀቅ ደግሞ ሰኮናዋን ከውስጥ ሊያስቆጣው ይችላል። ሰኮናዋ ከተኮሰ፣ ክብደቷን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው እያዛወረች ወይም ወደ ኋላ ተደግፋ ከቆመች፣ ሐኪም የሚጠራው በዚያው ሰዓት ነው። ጓደኛሽ ይህንን ታውቃለች? ጠይቂያት። ለመፈተን ብለሽ ሳይሆን፣ ስድስት ወር አደራ የምትረከበው እሷ ስለሆነች ነው።

ሌላም የምትጠይቂያት አለ። እዚያ ሌላ ፈረስ አለ? ፈረስ ብቻውን መኖር ይከብደዋል። ካለ ደግሞ ቦራ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ሳምንታት በዓይን እየተያዩ ግን ለብቻዋ ትቆይ፤ የውኃ ባልዲም ልጓምም አይጋሩ። በሽታ በእነዚህ በኩል ይተላለፋል። ከፈረሶቹ መሀል ድንጉላ አለ? ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ባዝራ ለስድስት ወር ሄዳ እርጉዝ ሆና ልትመለስ ትችላለች። እርግዝናው 11 ወር ገደማ ነው። ውርንጭላው የማን ይሆናል? ወጪውን ማን ይችላል?

በዚህ ጊዜ ነው እንግዲህ ወረቀት የሚያስፈልገው። «በእኔና በእሷ መሀል ወረቀት ምን ሊሠራ» ብለሽ ነበር። እኔ ደግሞ ወረቀቱ የሚያስፈልገው ስለምትዋደዱ ነው እላለሁ፤ ማጣት የማትፈልጊው ሰው ናትና። ረጅም መሆን የለበትም። ማን እንደሚጋልባት፣ በየትኛው ኮርቻ፣ ስንት ኪሎ ድረስ። ለሌላ ሰው ማዋስ፣ ማከራየት፣ በድንጉላ ማስጠቃት እንደማይቻል። መኖውን፣ ክትባቱን፣ በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ሰኮና የሚያስተካክለውን ባለሙያ ማን እንደሚከፍል። አንቺ ስትፈልጊ መጥተሽ ማየት እንደምትችይ። ማንኛችሁም ማቋረጥ ብትፈልጉ ስንት ቀን ቀድማችሁ እንደምትነጋገሩ። ሰው ከላይዋ ቢወድቅ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ደግሞ ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቂ። ወረቀት ኖረም አልኖረም፣ የራስ መከላከያ ቆብ ያላደረገ ሰው አይቀመጥባት።

ከሁሉ የሚከብደውን አንቀጽ ግን እንዳትዘይው። ቦራ በሌሊት ብትታመምና ስልክሽ ባይነሳ ማን ይወስናል? ሐኪሙ «ቀዶ ሕክምና» ቢል ማን እሺ ይላል፣ እስከ ስንት ገንዘብ? «ልትድን አትችልም፣ ስቃይዋን እናሳጥርላት» ቢልስ? ይህንን ቁጭ ብላችሁ፣ ሁለታችሁም ተረጋግታችሁ ሳላችሁ ጻፉት። ጓደኛሽን ያን ሌሊት ብቻዋን እንድትወስን መተው ለእሷም ግፍ ነው። የጤና ምልክቶቿንም አብረሽ ጻፊላት። ጤነኛ ፈረስ ሲያርፍ የልቡ ምት በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ነው፤ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። መሬት የምትጭር፣ ደጋግማ ወደ ጎኗ የምታይ፣ የምትንከባለል፣ ፋንድያ ያልጣለች ከሆነ ሐኪም ሳይጠራ አይታደርም።

ስለ ልጁም ጥቂት ልበል። አለንጋውን ሳስብ ተናድጄ ነበር። ግን የ17 ዓመት ልጅ ያየውን ነው የሚያደርገው፤ «አመሏ ነው» ሲባል ነው የሰማው። ካባረርሽው ፈረስ ማለት በአለንጋ የሚሄድ ነገር እንደሆነ ይዞት ያድጋል። ቦራ በምታርፍበት ጊዜ እንዲቦርሻት፣ ሰኮናዋን እንዲያጸዳ፣ በገመድ ይዟት በእግሩ እንዲሄድ ጋብዢው። መሬት ላይ ሆኖ ከፈረስ ጋር መሥራት ከመቀመጥ የበለጠ ያስተምራል። ቦራም ሰው ሲመጣ ሕመም እንደማይመጣ እንደገና እንድትለምድ ይረዳታል። ቀስ ብሎ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ አንቺ አብረሽው ሁኚ።

ባለቤትሽ የሚልሽ ስህተት ነው አልልም። ፈረሷ ያንቺ ናት፤ የመጨረሻው ቃልም ያንቺ ነው። ግን «ከልክያት» የሚለው መጀመሪያ የሚሞከር ነገር አይደለም። ጓደኛሽ ሐኪሙን ሰምታ፣ ክብደቱን አይታ፣ «ግማሹ የእኔ ነው» ብላ ከጸናች ያኔ መጋራቱን አቁሚው። በሰላም አቁሚው። እስከ ወሩ መጨረሻ የከፈለችው ካለ መልሽላት፣ ኮርቻዋን አጽድተሽ ስጫት። ቢሆንላት የራሷን ፈረስ እንድታገኝ አግዣት። አብረሻት ሂጂ፣ ጥርሱን አሳይተሽ ዕድሜውን አስገምቺ፣ እግሩን አስነሺ፣ ሐኪም ሳያየው እንዳትገዛ ምከሪያት። ለእሷና ለልጇ ኪሎ የሚሆን ከፍ ያለ ፈረስ ፈልጉ።

ለሐኪሙ ግን ዛሬውኑ ደውዪ። ከጓደኛሽ ጋር የምትነጋገሩበትን ቀን እሱ ከመጣ በኋላ ወስኚ።